ለሚደነዝዝ እጅ የሚስማማ ማውስ፦ ሳልሞክረው እንዴት ልምረጥ?

ሰኔ ሠላሳ (ጠያቂ)

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣

አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት ስሠራ ስምንት ዓመት ሆነኝ። የምውለው ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራምና በኤክሴል ላይ ስለሆነ ቀኝ እጄ ከማውሱ ወደ ቁጥር ቁልፎቹ፣ ከቁልፎቹ ወደ ማውሱ ሲመላለስ ይመሻል፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋማ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት የምቆይባቸው ሳምንታት አሉ። በዘንድሮው መዝጊያ የጀመረኝ ሕመም ግን ሥራው ከቀለለ በኋላም አልተወኝም። አውራ ጣቴ፣ ሌባ ጣቴና የመሐል ጣቴ ከሰዓት በኋላ ይደነዝዛሉ፤ ሌሊት ደግሞ መርፌ እንደሚወጋው ሰው ብንን እልና እጄን አራግፌ ነው መልሼ የምተኛው። ትንሿ ጣቴ ምንም አላለችም።

የምጠቀምበት ማውስ ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣው ዝርግና ትንሽ ማውስ ነው። አንዲት ባልደረባዬ ወጌሻ ዘንድ ሄጄ እንድታሽ ትመክረኛለች፤ እኔ ግን አስቀድሜ መሣሪያውን ልለውጥ አስቤያለሁ። የአክስቴ ልጅ በወሩ መጨረሻ ከዱባይ ስለሚመጣ አንድ ይዞልኝ ሊመጣ ቃል ገብቶልኛል፤ ነገር ግን በሻንጣ የመጣ ዕቃ ስለማይመለስ ከመግዛቴ በፊት በእጄ ሳልይዘው መወሰን አለብኝ። ለሰላምታ እንደተዘረጋ እጅ በጎኑ የሚያዘው ቨርቲካል ማውስ ይሻለኛል ወይስ ባለ ኳሱ ትራክቦል? እጄ ትንሽ መሆኑን ከግምት አስገቡልኝ።

ተርጓሚው

እህቴ፣ እኔ ቨርቲካል ማውስ መጠቀም ከጀመርኩ ሦስት ዓመት አልፎኛል፤ ወደ ዝርጉ የመመለስ ሐሳብም የለኝም። ዝርጉን ማውስ ስንይዝ መዳፋችን ወደ ጠረጴዛው እንዲደፋ የክንዳችን ሁለት አጥንቶች አንዱ በሌላው ላይ መጠማዘዝ አለባቸው። ይህን በራስዎ ለማየት ክርንዎን አጥፈው እጅዎን ለሰላምታ እንደሚሰጡ ዘርጉና መዳፍዎን ቀስ ብለው ወደ መሬት ያዙሩት፤ መዞሩ ሊያበቃ ሲል ከክርንዎ በታች የሚሰማዎት መሳብ፣ ልብ ሳይሉት ቀኑን ሙሉ ተሸክመውት የሚውሉት ነገር ነው።

መጠኑን በተመለከተ፣ ማስመሪያ ይውሰዱና ከእጅዎ አንጓ መስመር እስከ መሐል ጣትዎ ጫፍ ይለኩ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሎጂቴክ ኤምኤክስ ቨርቲካል 57 ዲግሪ የሚያዘነብል ጥሩ ዕቃ ቢሆንም ለትልቅ እጅ የተሠራ ነው፤ ባለቤቴ ይዛው ጣቷ ቁልፉ ጋ ለመድረስ መንጠራራት ነበረበት። በ2022 የወጣውና ሊፍት የሚባለው ዘመዱ ዝንባሌው ያው ሆኖ፣ ለትንሽና ለመካከለኛ እጅ፣ ማለትም እስከ 19 ሴንቲ ሜትር ገደማ ለሚደርስ፣ የተሠራ ነው። ሰው ሁሉ ስለ ዲግሪው ያወራል፤ በእኔ እምነት ግን ዲግሪው ትክክል ሆኖ መጠኑ የማይስማማ ማውስ ከዝርጉም የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ትልቁን ለመቆጣጠር ሲሉ ሳያውቁት ጨብጠው ይይዙታል።

ልማዱ ጊዜ ይፈልጋል። በመጀመሪያው ሳምንት አንዲቱን የኤክሴል ሳጥን ለመምረጥ ጎረቤቷን እየነኩ ይበሳጫሉ፤ እጅዎን ከኪቦርዱ አንሥተው ሲመለሱም ማውሱን ገፍተው ይጥሉታል። እኔ ቡና ላይ ጥዬዋለሁ። ስለዚህ በመዝጊያ ሰሞን አይጀምሩት።

ፊዚዮ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው፤ ሆኖም በአካል ላላየሁት ሰው የበሽታ ስም አልሰጥም። የጻፉት ግን ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። የሚደነዝዙት ጣቶች አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና የመሐል ጣት ሲሆኑ ትንሿ ጣት ደኅና መሆኗ፣ በእጅ አንጓ ውስጥ ባለው ጠባብ መተላለፊያ ከዘጠኝ ጅማቶች ጋር ተጣቦ የሚያልፈውን መካከለኛ ነርቭ ያስጠረጥራል፤ ትንሿን ጣት የሚያገለግለው ሌላ ነርቭ ነውና። ሌሊት መቀስቀሱና ማራገፉም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ ተኝተን አንጓችንን አጥፈን ስለምንቆይ ነርቩ ይበልጥ ይጨመቃል።

አሁን ወንድማችን የማይወደውን ልናገር። ቨርቲካል ማውስ የክንድን መጠማዘዝና የአንጓን ወደ ጎን መታጠፍ መቀነሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ይኸው የነርቭ መጨመቅ ባለባቸው ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ቨርቲካል ማውሱም ሆነ ልዩ ልዩ የማውስ ምንጣፎች የአንጓውን አቀማመጥ ቢለውጡም በመተላለፊያው ውስጥ ያለውን ግፊት እንዳልቀነሱ ነው ያገኘው። ስለዚህ ክንድዎንና ትከሻዎን ለማሳረፍ ከገዙት ገንዘብዎ አልባከነም፤ የደነዘዙትን ጣቶች ያድንልኛል ብለው ከገዙት ግን በወሩ መጨረሻ የሚያዝኑ ይመስለኛል።

ግፊቱን ከፍ የሚያደርገው ከማውሱ ቅርጽ ይልቅ አጠቃቀሙ ነው። ቁልፉን ተጭኖ መጎተት፣ ማለትም በኤክሴል ረጅም ዓምድ መምረጥ፣ ማውሱን ዝም ብሎ ይዞ ከመቀመጥ ይልቅ ግፊቱን ይጨምረዋል። መጎተቱን በኮንትሮል፣ በሺፍትና በቀስት ቁልፎች ቢተኩት በአንድ ጊዜ ሺህ ረድፍ ይመርጣሉ፤ እጅዎም ያርፋል። አንጓዎን የሚያስደግፉበት ለስላሳ ትራስ ካለም ያንሡት፤ በትክክል በዚያ ጠባብ ቦታ ላይ ነው የሚጫነው። ሌሊት አንጓዎን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ማሰሪያ ማድረግ ደግሞ ብዙዎችን የሚረዳ ቀላል መላ ነው።

ስለ ወጌሻው፦ አጥንት ሲወልቅ ስንቱን እንዳዳኑ አውቃለሁ፤ የተጨመቀን ነርቭ ግን አጥብቆ ማሸት ያባብሰዋል እንጂ አያላቅቀውም። ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ስኳር፣ የእንቅርት ዕጢ መታወክና እርግዝናም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያመጡ እነዚህ በምርመራ መለየት አለባቸው። አውራ ጣትዎ መድከም ከጀመረ ወይም ዕቃ ከእጅዎ የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ ቀጠሮውን ለነገ አያሳድሩት።

ባለ ኳሱ

ስለ ትራክቦል ማንም ስላልመለሰልዎ ባጭሩ ልጨምር። ማውሱ ባለበት ቆሞ የሚዞረው ኳሱ ብቻ ስለሆነ ሰነድ ለተቆለለበት ጠባብ ጠረጴዛ ተስማሚ ነው፤ ትከሻም ይገላገላል። ሆኖም ኳሱ በምን ጣት እንደሚዞር ይጠይቁ። እንደ ሎጂቴክ ኤርጎ ኤም575 ያሉት በአውራ ጣት፣ እንደ ኬንሲንግተን ኤክስፐርት ያሉት በሌሎቹ ጣቶች ይዞራሉ። የእርስዎ አውራ ጣት ቀድሞውኑ ከታመሙት አንዱ ስለሆነ የመጀመሪያውን ዓይነት አልመክርዎትም፤ እኔ ራሴ ሁለት ዓመት ከተጠቀምኩበት በኋላ ከአውራ ጣቴ ሥር ያለው ጅማት ታሞብኝ ነው የተውኩት። ሌላው የከተማችን አቧራ ነው። ኳሱ በሚያርፍባቸው ትንንሽ ነጥቦች ላይ እድፍ ስለሚጠራቀም በየሳምንቱ አውጥተው ካልጠረጉት መንቀርፈፍ ይጀምራል።

ግራኙ

የሁሉንም አነበብኩ፤ ትልቁ ጥያቄ ግን የተዘለለ ይመስለኛል። እህታችን የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው፤ የቁጥር ቁልፎቹ ደግሞ ከኪቦርዱ በስተቀኝ ናቸው። ማውሱ ከእነርሱም አልፎ ሲቀመጥ ክንዳቸው ከሰውነታቸው ርቆ ወደ ውጭ ተዘርግቶ ይውላል ማለት ነው፤ ይህን የማውስ ቅርጽ አያስተካክለውም። ለሌላ ሰው የቁጥር ክፍል የሌለው አጭር ኪቦርድ ይበቃው ነበር፤ ለሒሳብ ሠራተኛ ግን ያንን መንፈግ ከሸማኔ መወርወሪያውን እንደ መቀማት ነው።

ስለዚህ ማውሱ ወደ ግራ እጅ ይሂድ። ቀኙ ከቁጥሩ ላይ ሳይነሣ ይሠራል፤ ግራው ይጠቁማል። ይህን ለመሞከር ምንም አይገዙም፤ ያ የሚያማርሩበት ዝርግ ማውስ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ከሆነ በግራ እጅም ይያዛል። በዊንዶውስ ቅንብር ውስጥ ዋናውን ቁልፍ ወደ ቀኝ ማዞር ይቻላል፤ ኮምፒውተሩን ከሰው ጋር የሚጋሩ ከሆነ ግን እንዳለ ይተዉትና በመሐል ጣትዎ መጫን ይልመዱ፤ አለበለዚያ ባልደረባዎ ማውሱ ተበላሸ ብሎ ቴክኒሻን ይጠራል። እኔ ግራኝ ሆኜ ስለተወለድኩ አይከብደኝም፤ ቀኝ እጅ የለመደ ሰው ግን ጥቂት ሳምንት መታገሡ አይቀርም። በዚያ ላይ የሥራው ብዛት ካልቀነሰ ግራውም በተራው ይታመማልና በየመሐሉ መነሣትን አይርሱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ለቀኝ እጅ የተሠራ ቨርቲካል ማውስ በግራ ፈጽሞ አይያዝም። ስለዚህ የትኛው እጅ እንደሆነ ሳይወስኑ ወደ ዱባይ አይደውሉ።

ሰኔ ሠላሳ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከጻፍኩ አሥራ ሁለት ቀን ሆኖኛል፤ የደረስኩበትን ላሳውቃችሁ። እጄን ስለካው 16 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ሆነ፤ ስለዚህ ትልቁ ከዝርዝሬ ወጣ። የጠረጴዛዬ ከፍታም 77 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ ክንዴን አንሥቼ ስሠራ ኖሬ ኖሯል፤ ወንበሬን ከፍ አድርጌ ከእግሬ በታች ሁለት የአሮጌ ሰነድ ካርቶን አስገብቻለሁ። አሮጌውን ማውስ በግራዬ ይዤ ስሠራ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ያለቀስኩ ያህል ነበር፤ አሁን ግን ደረሰኝ ስመዘግብ ቀኝ እጄ ከቁጥሩ ላይ አይነሣም፤ እንዲያውም ፈጥኛለሁ። ሐኪም ዘንድም ሄጄ የነርቭ ምርመራ ታዞልኛል፤ የሌሊቱን ማሰሪያ ካደረግኩ ወዲህ የተቀሰቀስኩት ሁለት ሌሊት ብቻ ነው። የቀን መደንዘዙ ግን ቀንሷል እንጂ አልጠፋም።

ወንድሜን ለግራ እጅ የተሠራውን ሊፍት ይዞልኝ እንዲመጣ ልነግረው ነው። የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር አሮጌ ስለሆነ ብሉቱዝ የለውም። ይሠራልኝ ይሆን?

ተርጓሚው

በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ መቀበያ ስላለው ይሠራልዎታል፤ ሶፍትዌር ሳይጭኑ ሰክተው መጀመር ይችላሉ። ለማክ ተብሎ የሚሸጠው ዓይነት ግን መቀበያው የለውምና ወንድምዎ ካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ እዚያው ሱቁ ውስጥ ያንብብ። መቀበያው የሚቀመጠው በማውሱ ሆድ፣ ከባትሪው አጠገብ ነው፤ ክዳኑን ሳይከፍቱ «አልመጣልኝም» ብለው እንዳይደነግጡ። ባትሪው አንድ ባለ ሁለት ኤ ድንጋይ ሲሆን በየሰፈሩ ሱቅ ይገኛል።