ማክጎሊ ለእንግዳ እንዴት ይቀርባል?

ሄኖክ (ሴኡል)፦ ሰላም ጓዶች። ቅዳሜ ኮሪያዊው ፕሮፌሰሬ ከባለቤታቸው ጋር እራት ይመጣሉ። ማክጎሊ ገዝቻለሁ፤ ያው ነጩ የሩዝ መጠጥ። ከታች ወፍራም ነገር ዘቅጧል። ላዋህደው ወይስ እንደ ጠላ አተላ ልተወው? ብርሌም አለኝ፤ በሱ ቢቀርብስ? አቀዳዱም ሥርዓት አለው ሲሉ ሰምቼ ፈርቻለሁ።

ማህሌት፦ እንዳትተወው! ጣዕሙ ያለው እዚያ ነው። ግን አትናጠው፣ ይገነፍልብሃል። ጠርሙሱን አቁመህ ቀስ እያልክ በክብ አዙረው። ክዳኑንም በትንሽ በትንሹ ክፈት፤ አረፋው ሲመጣ መልሰህ ዝጋ። ብርሌውን ለጠጅ አስቀምጠው፣ ሰፋ ያለ ጎድጓዳ ሳህን ይሻላል። በደንብ የቀዘቀዘ ይሁን።

ዳዊት (ቡሳን)፦ መጀመሪያ ላይኛውን ጠለል ያለውን ቀድተው የሚቀምሱም አሉ፣ ነውር የለውም። ጣፋጭ ካልወደድክ መለያውን አንብብ፤ ርካሾቹ ብዙ ጊዜ አስፓርታም የሚባል ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ አለባቸው። የኛ አካባቢው ማክጎሊ፣ ግምጆንግሳንሶንግ የሚባለው፣ 8 በመቶ አልኮል ነው፣ ጎምዘዝ ይላል። የተለመዱት 6 አካባቢ ናቸው። ለኔ ከሱ የሚበልጥ የለም፣ አድልዎ ካላችሁም እቀበላለሁ።

ሄኖክ፦ ከገዛሁት ትንሽ ቆይቷል፣ ተበላሽቶ ይሆን?

ማህሌት፦ ያልፈላ፣ ማለትም በሙቀት ያልታከመ ከሆነ ፍሪጅ ውስጥም መብላላቱን ይቀጥላል። ስኳሩ እየቀነሰ፣ ኮምጣጣነቱ እየጨመረ ይሄዳል። ቀኑን እይ፣ ቅመሰው። ጠርሙሱን አታጋድመው፤ የብዙዎቹ ክዳን ጋዝ ስለሚያስወጣ ይፈሳል።

አስቴር (ኢንቾን)፦ ሥርዓቱ አያስፈራም። ለፕሮፌሰሩ በቀኝህ ስትቀዳ ግራ እጅህ ይደግፍ። ሲቀዱልህም በሁለት እጅ ተቀበል። እሳቸው ሳይጠጡ አትጀምር፤ ስትጠጣ ፊትህን ትንሽ ዞር አድርግ። ለራስህ አትቅዳ። ሳህናቸው ግማሽ ላይ እያለ አትጨምርበት፣ ባዶ ሲሆን ሙላ። ይሄኛውን እንግዶች ብዙ ጊዜ ይስቱታል።

ምግቡ ፓጆን ይሁን፤ በሽንኩርት ቅጠል የሚጠበሰው ቂጣ። ዝናብ ከጣለ ደግሞ እድለኛ ነህ፣ ኮሪያውያን ሁለቱን በዝናብ ቀን ይወዷቸዋል።

ሄኖክ፦ ተባረኩ! ሌላ የሐበሻ እንግዳም አለኝ፣ ስንዴ አይስማማውም። ሩዝ ስለሆነ ችግር የለውም አይደል?

ዳዊት፦ አለው! ማብላያው ኑሩክ አብዛኛውን ጊዜ ከስንዴ ነው የሚሠራው። ለሱ ሌላ መጠጥ አዘጋጅ።