የኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ሞዴል በ3 ሜትር በ2.40 ክፍል፦ ሎኮሞቲቩ ዳገቱን እምቢ አለ

ጦሳ 87

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ የባቡር ወዳጆች።

ደሴ ነው ያለሁት። 3 ሜትር በ2.40 በሆነች ክፍል ውስጥ በኤችኦ ልክ (1፡87) የኮምቦልቻ–ሐራ ገበያን መስመር የሚመስል ሞዴል እየሠራሁ ነው። ጠረጴዛው ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ይዞራል፣ በሩ ጋ የሚነሳ ድልድይ ይኖረዋል፤ ጥልቀቱ 60 ሴ.ሜ. ነው። ሐዲዱ ተጣጣፊው ዓይነት ነው፤ ማዕዘን ላይ ያሉት ኩርባዎች ሬዲየሳቸው 437 ሚ.ሜ.። ለጊዜው ሁሉም በትንንሽ ሚስማር ብቻ ነው የተያዘው፤ ተራራና ገደሉ ገና ነው።

አራት ነገር አስቸግሮኛል፦

አንደኛ፣ ከጣቢያው እንደወጣ ሐዲዱ በ2.40 ሜትር ውስጥ 12 ሴ.ሜ. ከፍ ይላል። ባለ አራት አክስሉ ሎኮሞቲቭ ብቻውን ይወጣዋል፤ ሦስት ፉርጎ ሲያስከትል ግን ኩርባው ላይ ጎማው በባዶ ይሽከረከራል። ሁለተኛ ሎኮሞቲቭ ብጨምር ይሻላል?

ሁለተኛ፣ ከጣቢያው መውጫ ላይ ያለው መገንጠያ ፉርጎዎቹን ይጥላል፤ ያውም ወደ ኋላ ስገፋቸው ብቻ።

ሦስተኛ፣ ባቡሩ ከመቆጣጠሪያው ማዶ ሲደርስ ይደክማል፣ የፊት መብራቱም ይደበዝዛል። መቆጣጠሪያው 12 ቮልት ዲሲ ነው፤ ከሐዲዱ ጋር የተገናኘው በአንድ ቦታ በሁለት ሽቦ ነው።

አራተኛ፣ ከጀርመን የመጡ የማርክሊን ፉርጎዎች አሉ። ሐዲዱ ላይ ሳስቀምጣቸው መቆጣጠሪያው ወዲያው ይቆርጣል።

ከዚህ ቀጥሎ በጀሶ ተራራውን ልጀምር ነበር። መብራት ሲጠፋ ምን እንደምታደርጉም ብትነግሩኝ።

---

የሐራ መስመር

አብሽር፣ ሁሉም መፍትሔ አለው። ጀሶውን ግን ለጊዜው አቆየው።

12ን ለ240 ስታካፍል 5 በመቶ ይመጣል። ያ ብቻ አይደለም፤ ኩርባ ራሱ እንደ ዳገት ይጎትታል። በኤችኦ በልምድ የሚሠራበት ስሌት 813ን በኩርባው ሬዲየስ በሚ.ሜ. ማካፈል ነው፤ የሚወጣው ቁጥር ኩርባው የሚጨምረው የዳገት መቶኛ ነው። ላንተ 813 ለ437፣ ማለትም 1.9 ገደማ። እንግዲህ ሎኮሞቲቭህ ኩርባው ላይ የሚታገለው ወደ 7 በመቶ ከሚጠጋ ዳገት ጋር ነው። መንሸራተቱ የሎኮሞቲቩ ጥፋት አይደለም።

ሁለተኛ ሎኮሞቲቭ አልመክርህም። በዲሲ የሁለቱ ፍጥነት ካልተመጣጠነ አንዱ ሌላውን ይጎትታል ወይም ይገፋል፤ ሞተሩም ይሞቃል። ከዚያ ይልቅ የሚነዱት ጎማዎች ላይ ያለውን የላስቲክ ቀለበት እይ። ደርቆ ከተሰነጠቀ ለውጠው። ሐዲዱ ላይ ዘይት ካለም በአልኮል ጥረገው።

ዋናው ጉዳይ ግን እዚህ ነው፦ ሐዲዱን አታውጣው፣ መሬቱን አውርደው። የወሎን ገደል ለማሳየት ባቡሩ መውጣት የለበትም። መስመሩ በራሱ ላይ ተሻግሮ የማያልፍ ከሆነ 12 ሴ.ሜ. ምንም አያደርግልህም። 5 ሴ.ሜ. ብቻ አውጣው፤ ገደሉን የሚሻገረው ድልድይ ሥር ያለውን መሬት ደግሞ ከጣቢያው ወለል 15 ሴ.ሜ. ዝቅ አድርገው። ተመልካቹ የሚያየው 20 ሴ.ሜ. ገደል ነው፤ በእውነተኛው ልክ ሲመታ 17 ሜትር ከ40። ሎኮሞቲቩ የሚያውቀው 5 ሴ.ሜ. ብቻ።

ለዚህ ጠረጴዛው ድፍን መሆን የለበትም። ከ4 በ5 ሞራሌ ክፍት ፍሬም ሥራ፤ ሐዲዱ የሚሄድበትን ብቻ 8 ሴ.ሜ. ስፋት ያለው የ12 ሚ.ሜ. ኮምፔንሳቶ ቆርጠህ በየ30 ሴ.ሜ. በእግር አቁመው። የጣቢያው ወለል ከመሬት 110 ሴ.ሜ. ቢሆን ጥሩ ነው፤ ዓይን ወደ ሐዲዱ ስለሚቀርብ ገደሉ የበለጠ ይጠልቃል።

ኩርባውን ወደ 600 ሚ.ሜ. አስፋው፤ ጠረጴዛህ ይችለዋል። የሐዲዱ መሐል ከግድግዳው 10 ሴ.ሜ. ቢርቅ ዙሩ 9 ሜትር ያህል ይሆናል። ዳገቱን እንዲህ ክፈለው፦ በረጅሙ ግድግዳ ያለው ቀጥታ 1.60 ሜትር ነው። የመጀመሪያው 30 ሴ.ሜ. በ1 በመቶ ይጀምር፣ የቀረው በ2 በመቶ። የእግሮቹ ከፍታ 0፣ 3፣ 9፣ 15፣ 21 ሚ.ሜ. እያለ ይሄዳል ማለት ነው። ኩርባው ውስጥ (94 ሴ.ሜ. ነው) መልሰህ ወደ 1 በመቶ አውርደው፤ የኩርባው ጉተታ 1.4 ስለሚሆን በድምሩ ከ2 ተኩል አይበልጥም። ከኩርባው ስትወጣ 45 ሴ.ሜ. በ2፣ የመጨረሻው 30 በ1። 5 ሴ.ሜ. ሞላልህ፤ የፈጀው 3.30 ሜትር ገደማ። መውረጃውም ያንኑ ያህል ቢወስድ 2.40 ሜትር ያህል ለጥ ያለ ይተርፍሃል፣ ለጣቢያ በቂ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ደሴ ክረምቱም በልጉም ዝናብ ነው፤ እንጨት እርጥበት ይጠጣል፣ ያብጣል። ኮምፔንሳቶውን ከላይም ከታችም ጠርዙንም ሳይቀር ቫርኒሽ ወይም የዘይት ቀለም ቀባው። አንድ ወገን ብቻ ከተቀባ ይጎብጣል።

---

ሽቦና ቴስተር

ወንድሜ፣ የድካሙ ነገር ግልጽ ነው፦ ኤሌክትሪኩ የሚሄደው በሐዲድ ማያያዣዎቹ በኩል ነው። ማያያዣ ሐዲድን አስተካክሎ ለመያዝ እንጂ ኤሌክትሪክ ለማስተላለፍ አይታመንም፤ ትንሽ ሲላላ ወይም ቀለም ሲገባው ያበቃል።

ስትለካ ባቡሩ እየሄደ ለካ። ባዶውን ሐዲድ ብትለካ ማዶም እዚህም 12 ቮልት ያሳይሃል፤ ከረንት ካልሄደ ቮልት አይወድቅምና። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚታለለው።

ከጠረጴዛው ሥር ሁለት ዋና ሽቦ ዘርጋ፣ ቀይና ጥቁር፣ ለቤት ሶኬት የሚገዛው 2.5 ካሬ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሐዲድ ቁራጭ (ፔኮ የሚባለው ኩባንያ ተጣጣፊ ሐዲድ 91 ሴ.ሜ. ነው) ሁለት ቀጫጭን ሽቦ፣ 0.5 ካሬ፣ ከ20 ሴ.ሜ. ያልበለጠ። ዋናው ሽቦ 5 ሜትር ሄዶ ሲመለስ ተቃውሞው 0.07 ኦም ነው፤ በ2 አምፔር የሚጠፋው 0.14 ቮልት ብቻ። መብራቱ አይደበዝዝም።

ቀይ ሁልጊዜ ለግድግዳው ጎን ሐዲድ፣ ጥቁር ለክፍሉ ጎን። በአንድ ቦታ ብታገላብጠው ሾርት ነው።

ስትበይድ ሐዲዱን ከውጪ ጎኑ በብርጭቆ ወረቀት አብራው፣ ሽቦውንም ሐዲዱንም አስቀድመህ ሊድ አልብሳቸው፣ ከዚያ ሁለት ሰከንድ ብቻ ነክተህ አንሳ። ከዚያ በላይ ከቆየህ የፕላስቲክ ስሊፐሩ (ሐዲዱ የተቀመጠበት አግዳሚ) ይቀልጥና የሐዲዱ ስፋት ይለወጣል። በግራ በቀኙ እርጥብ ጨርቅ ብታደርግ ይረዳል። ኩርባ ላይ ያሉ መገጣጠሚያዎችን በይዳቸው፤ ቀጥታው ላይ ያሉትን ግን አትበይድ፣ ግማሽ ሚ.ሜ. ያህል ክፍተት ተውላቸው። 3 ሜትር ሐዲድ የ20 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት ሲያገኘው 1 ሚ.ሜ. ያህል ይረዝማል፤ መሄጃ ካጣ ወደ ጎን ይወጣል።

ሲያልቅ የሳንቲም ፈተና አድርግ። የ1 ብር ሳንቲም በሁለቱ ሐዲድ ላይ አጋድመህ ለቅጽበት ንካ። መቆጣጠሪያው ወዲያው መቁረጥ አለበት። በየግማሽ ሜትሩ እንዲህ እያደረግህ ዙር፤ ያልቆረጠበት ቦታ ሽቦ ይጎድለዋል።

ማርክሊኑ፦ የእነሱ አሠራር ሌላ ነው። ሁለቱ ሐዲዶች አንድ ወገን ናቸው፣ ሌላው ወገን መሐል ላይ ባሉት ነጥቦች ይመጣል። ስለዚህ የፉርጎዎቹ ግራና ቀኝ ጎማ በአክስሉ ተገናኝቷል፤ ባለ ሁለት ሐዲድ መስመር ላይ ስታስቀምጠው ሾርት የሚሆነው ለዚህ ነው። ቴስተሩን ድምፅ ላይ አድርገህ ሁለቱን ጎማ ንካ፣ ከጮኸ እሱ ነው። አንድ ጎማው የተነጠለ፣ ርዝመቱ እኩል የሆነ አክስል ብቻ ብትለውጥለት ፉርጎው ይሠራል። የማርክሊን ሎኮሞቲቭ ካለህ ግን ይህ ሐዲድ ላይ አታውጣው።

መብራት ሲጠፋ 12 ቮልት የሶላር ወይም የሞተር ሳይክል ባትሪ ይበቃል። ከባትሪው ቀጥሎ 3 አምፔር ፊውዝ፣ ከዚያ ለዲሲ ሞተር የሚሸጠው ፒ.ደብሊው.ኤም. የፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ ከዚያ ባለ ስድስት እግር ማብሪያ፤ ጫፎቹን በመስቀል አገናኛቸውና ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሰጥሃል። ፊውዙን እንዳትዘለው፦ የባቡር መቆጣጠሪያ ሾርት ሲሆን ራሱን ይቆርጣል፣ ባትሪ ግን ሽቦው እስኪቀልጥ ይሰጣል።

---

ቦርከና

መገንጠያውን ማንም አልነካውም፣ እኔ ልጀምር። «ከጣቢያው መውጫ» ብለሃል፤ ዳገቱም የሚጀምረው እዚያው ነው። መገንጠያ በዳገት መነሻ ላይ ሲቀመጥ ይጣመማል፣ አንዱ ጎማ ይንጠለጠላል። ሲጎተት ክብደቱ ስለሚያስተካክለው ያልፋል፤ ሲገፋ መንጠቆዎቹ ወደ ጎን ስለሚገፉት የተንጠለጠለው ጎማ ይወጣል። መገንጠያው ሙሉ በሙሉ ለጥ ባለ ቦታ ይሁን፤ ከእሱ በኋላም ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ አንድ ፉርጎ የሚያህል፣ 20 ሴ.ሜ.፣ ተው። ትንሽ ውሃ ልክ በርዝመቱም በወርዱም አስቀምጥበት።

ካልተሻለው የጎማዎቹን የውስጥ ለውስጥ ርቀት በካሊፐር ለካ፤ 14.4 ሚ.ሜ. አካባቢ መሆን አለበት። ከጠበበም ከሰፋም መገንጠያው ላይ ያስቸግራል። ማርክሊኖቹ አብዛኛውን ጊዜ ጠባብ ናቸው፣ አክስል ስትለውጥ ይህም አብሮ ይፈታል።

ፉርጎ ከቀለለም ይወድቃል። መነሻው 28 ግራም፣ በእያንዳንዱ 2.5 ሴ.ሜ. ርዝመት 14 ግራም ጨምር። 15 ሴ.ሜ. የሆነ ፉርጎ 110 ግራም ያህል ይመዝን። ዳዶ ወለሉ ላይ በኮላ ማጣበቅ ይበቃል፤ ዝቅ ብሎ መሐል ላይ ይሁን። ከዚያ በላይ ግን አታክብደው፣ ዳገት አለብህ።

አሁን ወደምወደው። ለገደሉ የካርቶን ቁራጮችን እንደ መረብ ሸምናቸው፣ ላዩን በጀሶ የተነከረ ፋሻ ሁለት ድርብ አልብሰው። ሁለት እጅ ጀሶ ለአንድ እጅ ውሃ፣ በትንሽ በትንሹ በጥብጥ፤ ቶሎ ይይዛል። ቡናማ የቀለም ዱቄት ከጀሶው ጋር ቀላቅል፤ አለበለዚያ በኋላ በተነቃ ቁጥር ነጭ ያሳይሃል። ከሁሉ በፊት ሐዲዱን በፕላስተር ሸፍን። የእኛ አገር ገደል ጥቁር ድንጋይ ስለሆነ ግራጫ አትቀባው፤ ቀጥ ያሉ ስንጥቆች በቢላ አውጣ፣ ከዚያ በአልኮል የቀጠነ ጥቁር ቀለም አፍስስበት፣ ስንጥቁ ውስጥ ራሱ ይገባል። እርከን ካለበት ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ትልቅ፣ ከፍ ሲል ጠባብ አድርገው፣ ርቀት ይሰጥሃል።

ባሕር ዛፍ 20 ሜትር ከሆነ በዚህ ልክ 23 ሴ.ሜ. ነው። ከፊት አንድ ሁለት ብቻ፤ ከኋላ ያሉት 10 ሴ.ሜ. ይሁኑ።

ለሐዲዱ ጠጠር የቦርከና አሸዋ በሻይ ማጥለያ ነፍተህ ከ1 ሚ.ሜ. ያነሰውን ውሰድ። እጠበው፣ አድርቀው፣ ከዚያ ማግኔት አሳልፍበት። ከጥቁር ድንጋይ የወጣ አሸዋ ብረት ይኖረዋል፤ ሎኮሞቲቩ ሞተር ውስጥ ማግኔት ስላለ ይስበዋል፣ ጥርሱን ይበላል። ማግኔቱ ላይ ፂም ካበቀለ ያን አሸዋ ተወው ወይም ደጋግመህ አጥራው። መጠኑ ይመጥናል ብለው ጤፍ የሚያፈሱ አሉ፤ ጤፍ ነቀዝ ባይደፍረውም እርጥብ ኮላ ሲነካው ያብጣል፣ አይጥም መንገዱን ታውቃለች።

ጠጠሩን በብሩሽ አስተካክል፣ በአልኮል እርጭ፣ አንድ እጅ ኮላ ለሦስት እጅ ውሃ ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምረህ በመርፌ አንጠብጥብ። የመገንጠያው ተንቀሳቃሽ ክፍል ጋ ኮላ አይድረስ።

---

ጦሳ 87

አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ኩርባውን እየነቀልኩ ነው። የበሩ ድልድይ ላይ አንድ ጥያቄ ቀረ፦ ተነስቶ ሳለ ባቡሩ መሬት እንዳይወርድ ምን ይደረጋል?

---

ሽቦና ቴስተር

ከድልድዩ ግራና ቀኝ 60፣ 60 ሴ.ሜ. ሐዲድ ለይ፤ ሁለቱንም ሐዲድ በቀጭን ሰጌቶ ቁረጥና ክፍተቱን በፕላስቲክ ማያያዣ ያዝ። ለእነዚህ ሁለት ክፍሎችና ለድልድዩ የሚሄደው ኤሌክትሪክ በአንድ መሰኪያ በኩል ይለፍ፣ መሰኪያው ደግሞ ድልድዩ ላይ ይታሰር። ድልድዩን ለማንሳት መሰኪያውን መንቀል ግድ ይሆንብሃል፤ ሲነቀል 60ው ሴ.ሜ. ሞተ፣ ባቡሩ እዚያ ይቆማል። ድልድዩ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ እንዲገባ ጫፍና ጫፉ ላይ ከሥሩ የ6 ሚ.ሜ. ብሎን እንደ ካስማ ትከል፤ በእንጨት ቀዳዳ ብቻ ካስገባኸው በሁለት ክረምት ይሰፋል፣ ቀዳዳው ውስጥ የብረት ቱቦ አግባበት።