ኃላፊዎች ለነርሶች የሚሰጡት እውቅና የሥራ ሞራልን በእርግጥ ይለውጣል?

ጥያቄ፦ ከአንዲት የዋርድ ኃላፊ ነርስ፣ አራዳ

ጤና ይስጥልኝ። በመሐል አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ዋርድ ኃላፊ ነርስ ነኝ። ግንቦት 4 ቀን የሚከበረው ዓለም አቀፍ የነርሶች ቀን ሲቃረብ አስተዳደሩ ከየዋርዱ አንድ ምስጉን ነርስ መርጠን እንድናሳውቅ ይጠይቀናል። ባለፈው ዓመት የተመረጡት ባልደረቦች በአዳራሹ ስማቸው ተጠርቶ የምስክር ወረቀት ሲቀበሉ ሁላችንም አጨብጭበናል፤ ነገር ግን ከበዓሉ በኋላ በዋርዱ ውስጥ የነበረው ስሜት ከበዓሉ በፊት ከነበረው ይልቅ የቀዘቀዘ ሆነ። ያልተመረጡት «መስፈርቱ ምን ነበር?» እያሉ ጠየቁ፤ የተመረጠችውም ባልደረባችን ደስታዋን በግልጽ ለማሳየት ተሳቀቀች።

ደመወዝ መጨመር፣ የተጋላጭነት አበልን ማሻሻል ወይም የደረጃ ዕድገት መፍቀድ በእኔ ሥልጣን ሥር አይደለም። በእጄ ያለው የተረኝነት ፕሮግራም ማውጣት፣ የስድስት ወሩን የሥራ አፈጻጸም ምዘና መሙላትና በጠዋት ርክክብ ላይ መናገር ነው። ልምድ ያላቸው ነርሶች ወደ ግል ሆስፒታሎችና ወደ ውጭ አገር እየሄዱ ነው፤ የቀሩትም መድኃኒቱን በሰዓቱ ቢሰጡም ከታካሚው ጋር የሚነጋገሩት ነገር እያጠረ መምጣቱን አያለሁ። ስለዚህ በጀት የሌለው የቅርብ ኃላፊ የሚሰጠው እውቅና የነርሶችን ሞራል በእርግጥ ይለውጣል ወይ? የሚለውጥ ከሆነስ ቅሬታ ሳይፈጥር በምን መልክ ቢሰጥ ይሻላል? በሥራው ያለፋችሁ ሁሉ ሐሳባችሁን ብታካፍሉኝ በአክብሮት እቀበላለሁ።

መልስ 1፦ ከጡረተኛ ሜትሮን (የሆስፒታል ነርሶች ኃላፊ)፣ ካዛንቺስ

ልጄ፣ መልሴ አዎን፣ ይለውጣል ነው፤ ይህን ስል ግን ስለ አዳራሹ ጭብጨባ አይደለም።

ነርስ ከባዱን ሥራዋን የምትሠራው ብዙውን ጊዜ ኃላፊ በሌለበት ሰዓት ነው። አስተዳደሩ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ገብቶ 11 ሰዓት ተኩል ይወጣል፤ ታካሚ የሚከፋበት፣ አስታማሚ የሚጨነቅበት፣ የአዳር ተረኛዋ ብቻዋን የምትወስንበት ሰዓት ግን ከዚያ ውጭ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የአንዲት ታካሚ አተነፋፈስ መለወጡን አስተውላ፣ ትንፋሿን ቆጥራ፣ የኦክስጅን መጠኗን ለክታ ተረኛውን ሐኪም የቀሰቀሰች ነርስ ሥራዋ በቻርቱ ላይ አንድ መስመር ሆኖ ይቀራል። በጠዋቱ የሐኪሞች ጉብኝት (ራውንድ) ታካሚዋ ተሽሏት ስትገኝ የሚመሰገነው መድኃኒቱን ያዘዘው ሐኪም ነው። እርሱ መመስገኑ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ቀድማ ያየችው ነርስ ስሟ ሳይነሣ ሲቀር፣ በሌላ ሌሊት እንደገና ነቅታ ለማየት የሚያስፈልጋት ብርታት ጥቂት በጥቂት ይሸረሸራል።

ከዚህም በላይ የነርስ ሥራ በደንብ ሲሠራ ውጤቱ አንድ ክፉ ነገር ሳይደርስ መቅረቱ ስለሆነ ለዓይን አይታይም። በየሁለት ሰዓቱ የተገላበጠ ታካሚ ጀርባው አይቆስልም፤ በጥንቃቄ የተያዘ ካቴተር (ወደ ሰውነት የሚገባ ቱቦ) ኢንፌክሽን አያመጣም፤ ተደግፎ መጸዳጃ ቤት የሄደ ሽማግሌ አይወድቅም። ሳይሆን የቀረን ነገር ማንም ሪፖርት አያደርግም። የኃላፊ ነርስ ድርሻ ይህንን የማይታይ ሥራ አይቶ በስሙ መጥራት ነው ብዬ አምናለሁ። «በርቱ፣ ጥሩ እየሠራችሁ ነው» የሚለው ቃል ለሁሉም ስለሚነገር ማንም የራሱ አድርጎ አይወስደውም። «በ12 ቁጥር አልጋ የተኙት እናት ይህን ያህል ጊዜ ተኝተው ጀርባቸው ያልቆሰለው እነ እገሌ በተራቸው ሁሉ ስላገላበጧቸው ነው» ብለሽ በርክክብ ላይ ብትናገሪ ግን፣ የተመሰገኑት ደስ ይላቸዋል፣ ያልተመሰገኑትም ምን ቢሠሩ እንደሚታይላቸው ያውቃሉ። መስፈርቱ ምን ነበር የሚል ጥያቄ አይነሣም፤ መስፈርቱ በምስጋናው ውስጥ ተነግሯልና።

ሌላው ነገር፣ ሳይጠሩሽ አልፎ አልፎ በሌሊት ሂጂ። በሥራ ዘመኔ በአዳር ሰዓት በዋርዶቹ ስዞር ልጆቹ መጀመሪያ ለቁጥጥር የመጣሁ መስሏቸው ይደነግጡ ነበር። ውሎ አድሮ ግን «ሲስተር፣ ይህን ታካሚ እስቲ ይዩልኝ» ማለት ጀመሩ። ያላየሽውን ሥራ በትክክል ማመስገን አይቻልሽም።

መልስ 2፦ ከድንገተኛ ክፍል ነርስ፣ ስታዲየም አካባቢ

የሲስተርን ሐሳብ በሙሉ አክብሮት እቀበላለሁ፤ ሆኖም ከእኛ ከወጣቶቹ ወገን አንድ ነገር ሳይባል እንዳይታለፍ እፈልጋለሁ። ምስጋና በክፍያ ምትክ ሲቀርብ ሞራልን ያወርዳል። የዱቲ (የትርፍ ሰዓት ተረኝነት) ክፍያችን ለወራት ሳይከፈል በቆየበት ጊዜ ኃላፊዎች መድረክ ላይ ወጥተው «እናንተ የሙያው ጀግኖች ናችሁ» ሲሉን፣ ብዙዎቻችን የተሰማን መታለል እንጂ ክብር አልነበረም። ከእኛ መካከል ብዙዎቹ የሚሠሩት በከተማዋ መሐል ቢሆንም የሚኖሩት በኮዬ ፈጬ፣ በጀሞ ወይም በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየሞች ነው። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሰው ጠዋት ሰልፍ ይዞ ታክሲ ሲጠብቅ ስለ እርሱ ምን ያህል እንደታሰበ የሚያውቀው ከምስክር ወረቀቱ ሳይሆን ከሰርቪሱ መኖርና አለመኖር ነው።

ጠያቂዋ እህቴ ክፍያው በእጅሽ እንዳልሆነ ተረድቻለሁ። የተረኝነት ፕሮግራሙ ግን በእጅሽ ነው፤ እኔ ከምስጋና ቃል ሁሉ በፊት የማየው እርሱን ነው። ፕሮግራሙ ቀደም ብሎ ሲለጠፍ፣ የፋሲካና የገና አዳር በየዓመቱ በእነዚያው ሰዎች ላይ ሳይወድቅ ሲቀር፣ ልጇ የታመመባት ነርስ ተራ ለመቀየር ሳትለማመጥ ስትችል፣ ኃላፊዋ እንደ ሰው እንደምትቆጥራት ያለ ንግግር ትረዳለች።

በብዙ ዋርዶች የማየው አንድ ነገር ደግሞ በጣም ያሳስበኛል። ጎበዝ የተባለች ነርስ ሽልማቷ ተጨማሪ ሥራ ይሆናል። የደም ሥር የማግኘት እጇ ጥሩ ስለሆነ ከየክፍሉ ትጠራለች፤ ስለማታማርር ሰው በቀረ ቁጥር የምትተካው እርሷ ናት፤ አዲስ ተቀጣሪም ለእርሷ ይሰጣል። በምዘናው ላይ የምታገኘው ነጥብ ግን አርፍዳ ከምትመጣው ጋር እኩል ነው። እንዲህ ያለችው ነርስ ናት በመጨረሻ የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ይዛ የምትመጣው፤ ሁሉም ሰው ያን ጊዜ ይገረማል። እባክሽ፣ ጎበዞችሽን ከማመስገንሽ በፊት ሸክማቸውን ቁጠሪ።

መልስ 3፦ ከነርሲንግ መምህር፣ ስድስት ኪሎ

ሁለቱ መልሶች የሚጋጩ ቢመስሉም በጥናት ዓለም ውስጥ አንድ ላይ የሚቆሙ ናቸው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር የሥራ እርካታን ሲያጠና፣ ደመወዝና የሥራ ሁኔታ ሲጓደሉ ቅሬታን እንደሚወልዱ፣ መሟላታቸው ብቻውን ግን የሥራ ፍላጎትን እንደማያነሣሣ፣ እውቅናና ሥራው ራሱ ደግሞ ፍላጎትን እንደሚያነሣሡ ገልጿል። ይህን ሐሳብ አንዳንድ ኃላፊዎች ክፍያን ለመዘንጋት ሲጠቀሙበት ሰምቻለሁ፤ ኸርዝበርግ መጀመሪያ ያጠናቸው ሰዎች መሐንዲሶችና የሒሳብ ባለሙያዎች መሆናቸውንም ማስታወስ ይገባል። እኔ ለእኛ ሁኔታ ይበልጥ የሚስማማ ሆኖ የማገኘው በጀርመን ያስተምር የነበረው ምሁር ዮሐንስ ዚግሪስት በ1996 እ.ኤ.አ. ያቀረበውን አስተሳሰብ ነው። እርሱ እንደሚለው ሠራተኛን የሚጎዳው የሚያፈሰው ጥረትና የሚያገኘው ምላሽ አለመመጣጠን ሲሆን፣ ምላሹም ገንዘብ፣ ክብር፣ እንዲሁም የሥራ ዋስትናና ዕድገት ነው። እዚህ ላይ ክብር የገንዘብ ምትክ ሆኖ አይቀርብም፤ ሁለቱም ይጠበቃሉ።

ጠያቂዋ ከታካሚው ጋር የሚደረገው ንግግር እያጠረ መጥቷል ያሉትን ግን በቀላሉ ማለፍ አልፈልግም። ክርስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን በ1981 እ.ኤ.አ. ባዘጋጁት የሥራ መሰላቸት መለኪያ ውስጥ ሦስት ነገሮች ይታያሉ፤ የስሜት መድከም፣ የሚያገለግሉትን ሰው እንደ ዕቃ ማየት፣ እና የምሠራው ነገር ዋጋ የለውም ብሎ ማሰብ። ነርሷ «አያ ደህና አደሩ?» ማለት ትታ «የ7 ቁጥር አልጋ» ማለት ስትጀምር፣ ብዙ ጊዜ ጠባይዋ ተለውጦ ሳይሆን ሁለተኛው ምልክት ጀምሯት ነው። የጤና ሚኒስቴር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በተተገበረው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ እንዲኖር አጥብቆ ጠይቋል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ነገር ግን በራሷ ኃላፊ ያልተከበረች ነርስ ለታካሚ የምትሰጠውን አክብሮት ከየት ታመጣዋለች? የእውቅና ጉዳይ በመጨረሻ አልጋው ላይ የተኛውን ሰው የሚነካው በዚህ በኩል ነው።

ሲስተር በሌሊት ስለ መዞር የተናገሩት ነገር በጥናትም ድጋፍ አለው። በ1983 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የነርሲንግ አካዳሚ ያስጠናቸው 163 ሆስፒታሎች ናቸው፤ ከእነርሱም 41ዱ የነርስ እጥረት በነበረበት ጊዜ ነርሶችን በመሳብና በማቆየት የተሻሉ ሆነው ተገኙ። የጋራ ጠባያቸው ሽልማት መብዛቱ አልነበረም፤ የነርሲንግ ኃላፊዎቻቸው በዋርድ የሚታዩና የሚደረስባቸው ነበሩ፣ ነርሶችም በውሳኔ ይሳተፉ ነበር፣ የሥራ ሰዓታቸውም የተመቻቸ ነበር። ስለ ተረኝነት ፕሮግራም የተነገረው ነገር እዚህ ውስጥ እንዳለ ልብ በሉ።

ስለ ምርጫው አንድ ሐሳብ ልጨምር። በ1999 እ.ኤ.አ. አንድ የ33 ዓመት አሜሪካዊ ታሞ ካረፈ በኋላ ቤተሰቦቹ ያስታመሙትን ነርሶች ለማመስገን ዴዚ የተባለ ሽልማት አቋቋሙ፤ በዚህ አሠራር ነርሷን የሚጠቁሙት በዋነኛነት ታካሚዎችና ቤተሰቦቻቸው ሲሆኑ፣ የተደረገውን ነገር ይተርካሉ፣ ሽልማቱም በምትሠራበት ዋርድ በባልደረቦቿ ፊት ይሰጣል። በእኛ ሆስፒታሎች የአስተያየት መስጫ ሳጥን አለ፤ ነገር ግን የሚከፈተው ቅሬታ ለመፈለግ ነው። አስታማሚዎች ሲወጡ ያመሰገኗትን ነርስ ስምና ምክንያት ጽፈው እንዲያስገቡ፣ መጻፍ የማይችሉትም እንዲጻፍላቸው ቢደረግ፣ ምርጫው ከኃላፊዋ ውዴታ ጋር የሚያያዝበት ምክንያት ይቀንሳል። የጽዳት ሠራተኞችና የበሽተኛ አመላላሾችም በዚሁ እንዲካተቱ አሳስባለሁ፤ ያለ እነርሱ የሚሠራ የነርስ ሥራ የለም።

መልስ 4፦ ከሰው ሀብት ባለሙያ፣ ለገሃር

አጭር ነገር ከቢሮ በኩል ልበል። በሥራዬ ምክንያት የብዙ ሠራተኞችን የግል ማኅደር እከፍታለሁ። በማኅደሩ ውስጥ የማገኘው የቅጥር ደብዳቤ፣ የፈቃድ ጥያቄ፣ የትምህርት ማስረጃና አንዳንድ ጊዜ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። የምስጋና ደብዳቤ እጅግ ጥቂት ነው። ለዓመታት ያገለገለች ነርስ ለውድድር ስትቀርብ ጥፋቷ በጽሑፍ አለ፣ መልካም ሥራዋ ግን በሰዎች ትዝታ ብቻ ቀርቷል፤ የሚያስታውሷትም ኃላፊዎች ተቀይረዋል።

የስድስት ወሩ ምዘናም ዋጋ ያጣው ኃላፊዎች ጭቅጭቅን ለማስቀረት ለሁሉም ተቀራራቢ ነጥብ ስለሚሞሉ ነው። ነጥቡን መለየት ቢከብድዎ እንኳ የአስተያየት ቦታውን ባዶ አይተዉት። በዋርዱ አንድ መዝገብ ይያዙ፤ ያዩትን መልካም ሥራ ከነቀኑ ይጻፉበት፤ ምዘናው ሲደርስ ከዚያ ይገልብጡ። ከወሩ መጨረሻ ትዝታ ይልቅ የተጻፈ ነገር ፍትሐዊ ያደርጋል፤ ዝምተኞቹንም ከመረሳት ያድናል።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በርክክብ ላይ ሥራውን በስም መጥራትንና መዝገቡን ወዲያውኑ እጀምራለሁ። የተረኝነት ፕሮግራሙንም ከበዓላት አዳር ጀምሬ ካለፈው ዓመት ጋር አስተያያለሁ፤ የድንገተኛ ክፍሏ እህቴ ያነሣችውን የጎበዞች ሸክም በእኔም ዋርድ የምትሸከም ነርስ እንዳለች አሁን በግልጽ ይታየኛልና፣ አዲስ ተቀጣሪዎችን ለሌሎችም አካፍላለሁ። ለግንቦት 4 ስም ብቻ ከመላክ ይልቅ ከታካሚዎች የተሰበሰበውን ምስክርነት አያይዤ እንድልክ የነርሲንግ ዳይሬክተሯን እጠይቃለሁ። አንድ ያልገባኝ ነገር ቢኖር፣ የዋርድ ኃላፊ የፈረመችው የምስጋና ደብዳቤ በግል ማኅደር ውስጥ መግባት ይችላል ወይስ የግድ የዳይሬክተር ፊርማ ያስፈልገዋል?

መልስ 5፦ ከሰው ሀብት ባለሙያ፣ ለገሃር

አሠራሩ እንደ ተቋሙ ይለያያል፤ በከተማ አስተዳደሩ ጤና ቢሮ ሥር ያሉ ሆስፒታሎችና በዩኒቨርሲቲ ሥር ያሉት የተለያየ መዋቅር አላቸው። በሁለቱም ቢሆን የሚያዋጣው መንገድ እርስዎ የተፈጸመውን ሥራ ከነቀኑ ዘርዝረው ለነርሲንግ ዳይሬክቶሬት በደብዳቤ ማቅረብ፣ ዳይሬክተሯ ፈርማ በመዝገብ ቤት በኩል ቁጥር እንዲሰጠውና ግልባጩ ለሰው ሀብት እንዲደርስ ማድረግ ነው። ለነርሷም አንድ ቅጂ በእጇ ይስጧት።