የግላይሲን አሚኖ ግሩፕ ፕሮቶኑን ለምን አጥብቆ አይዝም?

ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ፈንክሽናል ግሩፖች (የሞለኪውልን ጠባይ ስለሚወስኑ የአቶሞች ስብስቦች) ትምህርት እያዘጋጀሁ ነው። ስም ብቻ እንዲሸመድዱ አልፈልግም፤ ሁለት ግሩፖች በአንድ ሞለኪውል ላይ ሲጎራበቱ አንዱ የሌላውን ጠባይ እንደሚለውጥ በቁጥር ላሳያቸው እፈልጋለሁ። ፕሮቲኖቻችን በሙሉ የሚሠሩት ከእንዲህ ዓይነት ጉርብትና ነውና። ለምሳሌ የመረጥሁት ትንሹን አሚኖ አሲድ፣ ግላይሲንን ነው፤ በእሱ ላይ አሚኖ (NH₂) እና ካርቦክሲል (COOH) የተባሉ ሁለት ግሩፖች ይጎራበታሉ።

የካርቦክሲሉ ነገር ግልጽ ነው። የአሴቲክ አሲድ ፒኬኤ (ግሩፑ ፕሮቶኑን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ የሚያሳይ ቁጥር፤ ከፍ ባለ መጠን አጥብቆ ይይዛል) 4.76 ሲሆን የግላይሲን ካርቦክሲል 2.34 ነው። አጠገቡ ያለው ፖዘቲቭ አሚኖ፣ ፕሮቶኑ ሲለቀቅ የሚቀረውን ኔጋቲቭ ቻርጅ ያረጋጋል።

ያንኑ ማብራሪያ ወደ አሚኖው ሳዞረው ግን ይፈርስብኛል። ካርቦክሲሉ ኔጋቲቭ ከሆነ በኋላ አሚኖው ፕሮቶኑን አጥብቆ መያዝ፣ ፒኬኤውም ካርቦክሲል ከሌለው ከሜታይል አሚን 10.6 በላይ መሆን ነበረበት። የሚገኘው ግን 9.60 ነው። የውኃ ሃይድሮጂን ቦንድ ይሆን ብዬ ነበር፤ ሁለቱም የሚለኩት በውኃ ውስጥ ስለሆነ ይህ ብቻውን አያረካኝም።

ይበልጥ ያስገረመኝ፣ ካርቦክሲሉ ወደ ኤታይል ኤስተር ተለውጦ ቻርጁ ሲጠፋ የአሚኖው ፒኬኤ ወደ 7.7 ገደማ መውረዱ ነው። ኔጋቲቩ ቻርጅ ፕሮቶኑን በእርግጥ ይይዛል ማለት ነው፤ ግን 10.6 ድረስ አያደርሰውም።

እንግዲህ የካርቦክሲሉ ኦክስጅኖች ኤሌክትሮን የመሳብ ኃይል ከቻርጆቹ መሳሳብ ይበልጣል ብዬ ባስተምር ትክክል ነው ወይስ ያላየሁት ሌላ ምክንያት አለ?