ለኬጂ ልጆች ስለ ጠፈር በእጅ ሥራ እንዴት ላስተምር?

ጥያቄ (የኬጂ መምህርት፣ ጎንደር ማራኪ)
ሰላም ለሁላችሁ። ኬጂ 2 አስተምራለሁ፤ ልጆቼ 5 እና 6 ዓመት ናቸው። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ አንድ ሳምንት ሙሉ ስለ ፀሐይ፣ ጨረቃና ከዋክብት ላስተምራቸው አስቤያለሁ። ክፍሌ ውስጥ ያለው ስምንቱ ፕላኔቶች የተደረደሩበት አንድ የግድግዳ ሥዕል ብቻ ነው። ስማቸውን በዜማ ይወርዱታል። ግን "ማታ ፀሐይ የት ትሄዳለች?" ስላቸው "ትተኛለች" ይሉኛል። ፕሮጀክተር የለንም፤ መብራትም አይታመንም። ነክተውና ሠርተው እንዲገባቸው ነው የምፈልገው። ወጪ የማያበዛ ነገር የሞከራችሁ እባካችሁ አካፍሉኝ።

መልስ (የኬጂ መምህርት፣ አዘዞ)
እህቴ፣ ከፕላኔት አትጀምሪ። ከጥላቸው ጀምሪ። ለዚህ ዕድሜ ጠፈር ማለት መጀመሪያ ፀሐይና የራሳቸው ጥላ ነው።

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሁለት ሁለት አድርገሽ ግቢ አውጫቸው። አንዱ ይቆማል፣ ሌላው የጥላውን ዙሪያ በጠመኔ ያሰምራል። ግቢያችሁ አፈር ከሆነ በእንጨት መጫር ይበቃል። እግሩ ያረፈበትን ቦታ ምልክት ማድረግ እንዳትረሺ። ከዚያ ወደ ቤት ሊሄዱ ሲሉ እዚያው ቦታ ላይ መልሰሽ አቁሚያቸው። ጥላው አጥሯል፤ ከመስመሩም ወጥቷል። "ማን አነሳው?" ብለሽ ጠይቂና መልሱን አትንገሪያቸው። ተዪአቸው ይከራከሩ። እኔ ጋ አንዲት ልጅ ጥላዋ እግሯ ሥር የገባ መስሏት ጫማዋን አውልቃ ገልብጣ ስታየው ነበር። በማግስቱ ጠዋት "ቲቸር፣ ፀሐይዋ እዚያ ስለሆነች ነው" ያለችኝም እሷው ናት።

መልስ (የፊዚክስ መምህር፣ ሁለተኛ ደረጃ)
ከላይ የተባለው በጣም ትክክል ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ከቻልሽ ሳምንቱን ወደ ሚያዝያ አጋማሽ ግፊው። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ በአናታችን ላይ ታልፋለች፤ ሚያዝያ 15 ገደማ እና ነሐሴ 13 ገደማ። ነሐሴ ደመና ነው፣ ሚያዝያን ያዢ። ቀጥ ያለ እንጨት ትከሉ። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ጥላው ጥፍት ይላል። 6 ሰዓት ላይ አትጠብቂው። ሰዓታችን የተቀመረው ከእኛ በስተምሥራቅ ባለው፣ በካርታ ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚወርደው የ45 ዲግሪ መስመር ስለሆነ ፀሐይ እኛ አናት ላይ የምትደርሰው ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ ነው።

"ትተኛለች" ለሚለው ደግሞ ብርቱካንና ባትሪ በቂ ነው። መስኮቱን በጋቢ ሸፍኚ። ብርቱካኑን በስንጥር ውጊና አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ጭቃ ለጥፊበት፤ ያ ጎንደር ነው። ባትሪውን የያዘው ልጅ ንቅንቅ እንዳይል። የሚዞረው ብርቱካኑ ብቻ ነው። ጭቃው ወደ ጨለማው ሲገባ "ጎንደር መሸ!" ይበሉ፣ ሲወጣ "ነጋ!"። ሁሉም በተራ ያዙሩት። አንድ ልጅ እንኳ ሳያዞር እንዳይቀር፤ በእጁ ያዞረው ነው የሚገባው።

ደግሞ አደራ! ማንም ልጅ ፀሐይን ቀና ብሎ እንዳያይ። በራጅ ፊልምም ሆነ በተራ ጥቁር መነጽር አይሆንም፤ ዓይን ይጎዳል። ጥላውን ብቻ ይዩ።

መልስ (የሁለት ልጆች እናት)
የልጄ መምህርት የጨረቃን ጉድጓዶች ስታሳያቸው ሳፋ ላይ ዱቄት አፍስሳ ጠጠር ታስጥላቸው ነበር። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ የጨረቃ ጉድጓዶችም የተፈጠሩት ከጠፈር የመጡ ድንጋዮች እየወደቁባት ነው። ግን በዚህ ኑሮ ዱቄት አይደፋም። ደቃቅ አሸዋ ይበቃል፤ ከላዩ የተነፋ ቀይ አፈር በስሱ ነስንሺበት። ጠጠሩ ሲወድቅ ከሥር ያለው አሸዋ ፈንጠር ብሎ በቀዩ ላይ ይታያል። አመድ እንዳትጠቀሚ፣ ዓይናቸው ውስጥ ይገባል። ጠጠሩን ይልቀቁት እንጂ አይወርውሩት።

መልስ (መሐንዲስና አባት)
የግድግዳው ሥዕል ፀሐይን ከፕላኔቶቹ ጋር አጠጋግቶ ነው የሚያሳየው። ልጆቹ ልኩን በእግራቸው ቢያዩት ደስ ይላል። መሬትን የምስር ፍሬ አድርጓት፤ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ። ፀሐይ ከዳር እስከ ዳር ስትለካ የመሬትን 109 እጥፍ ስለሆነች 55 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች፤ የእንጀራ ምጣድ ማለት ነው። ጨረቃ ከጤፍ ፍሬ ትንሽ ከፍ ትላለች፤ ከምስሯ የምትርቀውም ስንዝር በማይሞላ ነው። ምጣዱና ምስሯ ግን 60 ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ምጣዱን በር ላይ አስደግፉና ምስሯን የያዘው ልጅ እየቆጠረ ይራመድ። ግቢው ካልበቃችሁ ሜዳ ውጡ።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁሉንም ጽፌ ያዝኩ። ፋሲካ ካልገጠመብን ወደ አጋማሹ እገፋዋለሁ። ጨረቃንስ እንዴት ላሳያቸው? ማታ አብረን አይደለንም።

መልስ (የፊዚክስ መምህር)
ጠዋት አሳዪያቸው። ጨረቃ ሙሉ ከሆነች ከ4 ወይም ከ5 ቀን በኋላ በሰልፍ ሰዓት፣ 2 ሰዓት ላይ፣ በምዕራብ በኩል ነጣ ብላ ትታያለች። ብዙ ልጅ ጨረቃ ቀን የማትወጣ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ይደነቃሉ። ቅርጿን ደብተራቸው ላይ ይሳሉ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ድገሙት፤ ቀጠን ብላ፣ ከትናንቱ ከፍ ብላ ታገኟታላችሁ። ሦስት ጠዋት ከሳሉ የጎደለችው በየት በኩል እንደሆነ እነሱው ይነግሩሻል።