የጢስ ዓባይ የወንዝ ዳር ሩጫ፦ ለቀበሌው በሚገባው የጋራ ዕቅድ ላይ የቀረቡ ሐሳቦች

ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዕቅዱ እሑድ ማታ ማለቅ አለበት። ረቂቁ እንዲህ ይላል፦ ሯጩ ከትኬት ቢሮው ተነሥቶ ወደ ድንጋዩ ድልድይ ይወርዳል፣ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ፏፏቴው መመልከቻ ይወጣል፣ በተንጠልጣዩ ድልድይ በኩል አልፎ በጀልባ ወደ መንደሩ ይመለሳል። 5 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የጎብኚዎች ዙር ነው። 60 ሯጭ አስበናል። የምታዩትን ስሕተት ተናገሩ፤ «ጥሩ ነው» ብላችሁ ብቻ አትለፉ።

አስጎብኚ (ከጢስ ዓባይ)፦ ጋሼ፣ ይህ ዙር ለጎብኚ እንጂ ለሯጭ አይሆንም። ችግሩ ጀልባው ነው። መሻገሪያው ከፏፏቴው በላይ ስለሆነ ውሃው ሲበረታ ጀልባ ጭራሽ አይንቀሳቀስም። ይሠራል እንኳ ብንል፣ በአንድ ጊዜ 10 ሰው ጭኖ ደርሶ መልሱ 10 ደቂቃ ከፈጀ፣ 60 ሰው ለማሻገር አንድ ሰዓት ገደማ ይሄዳል። ላብ ያጠመቀው ሰው ወንዝ ዳር ተሰልፎ ሊቆም ነው።

ተንጠልጣዩ ድልድይም አለ። በእግር ሲያልፉበት ምንም አይልም፤ ብዙ ሰው እኩል እየረገጠ ሲሮጥበት ግን መወዛወዝ ይጀምራል፣ እርምጃው ከውዝዋዜው ጋር ሲገጥም ደግሞ ይብሳል።

አሠልጣኝ (ከባሕር ዳር)፦ ወንድሜ ያለው ትክክል ነው። ዙሩን እንተወውና ሁለት ደርሶ መልስ መስመር እናቅርብ።

የምሥራቁ መስመር ከመንደሩ ወደ ድንጋዩ ድልድይ፣ ከዚያ ወደ መመልከቻው፣ በመጣበት መመለስ። በዚህ መስመር ላይ ሰዓት አይያዝ፣ ደረጃም አይሰጥ። ሰዓት የተያዘበት ሰው ቁልቁለቱን እየዘለለ ነው የሚወርደው፤ ጥቁሩ ድንጋይ ደግሞ በብዙ ዘመን እግርና ኮቴ ለስልሷል፣ ጤዛ ሲያርፍበት እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።

የምዕራቡ መስመር ወንዙን ሳይሻገር ወደ ጀልባው መሻገሪያ የሚወስደው አጭሩ መንገድና ከዚያ ወደ ላይ የሚቀጥለው የገበሬ መንገድ ነው። ለጥ ያለ ስለሆነ መፎካከር የፈለገ እዚህ ይፎካከር።

ሰብሳቢ፦ ደርሶ መልስ ከሆነ ድልድዩ ላይ ፊት ለፊት ይገጣጠማሉ።

አሠልጣኝ፦ ለዚያ ነው በአንድ ጊዜ የማንለቃቸው። 10፣ 10 እያደረግን በየ5 ደቂቃው ብንለቅ የመጨረሻው ቡድን የሚነሣው ከመጀመሪያው 25 ደቂቃ በኋላ ነው። ድልድዩን ከ20 ሜትር በፊት ጀምሮ እስከ 20 ሜትር በኋላ በእርምጃ ብቻ፤ በሁለቱም ጫፍ አንዳንድ ሰው ይቁም። ቅድሚያው ጭነት ላለው የአገሬው ሰውና ለከብት፣ ቀጥሎ ዳገት ለሚወጣ፣ መጨረሻ ቁልቁለት ለሚወርድ። ድልድዩ ከአፄ ሱስንዮስ ዘመን የቆየ ነውና ቀለም፣ ሚስማር፣ ሽቦ የሚባል ነገር እንዳይነካው ዕቅዱ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ።

ጸሐፊ፦ ተጽፏል። ርቀቱን በስልክ ለክተን እናስገባ?

አሠልጣኝ፦ ለምሥራቁ በስልክ ይበቃል፤ ፉክክር የለበትምና። ለምዕራቡ ግን አይሆንም። ዛፍ ሥርና ገደል አጠገብ የስልክ ልኬት ይዘላል፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሮጦ የተለያየ ቁጥር ያወጣል።

በብስክሌት ለኩት። የፊት ጎማው ላይ ነጭ ጨርቅ እሰሩ። ሜዳ ላይ ባለ 50 ሜትሩን የመለኪያ ሜትር አራት ጊዜ ዘርግታችሁ 200 ሜትር አውጡና ጎማው ስንት እንደዞረ ቁጠሩ። ባለ 26 ጎማ አንድ ዙሩ 2.07 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ወደ 97 ዙር ይመጣል። የእናንተው ቁጥር ስንትም ይሁን ያንን በአምስት አባዙት፤ አንድ ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ስሕተቱ የሚመጣው ከጎማው አየር ነው፦ ጎማው ጠዋት ተነፍቶ ከሰዓት ከተለካ ሙቀቱ ያሳብጠዋል፣ የረገበ ጎማ ደግሞ ዙሩ ያጥራል። ስለዚህ 200 ሜትሯን ከሥራው በፊትም በኋላም ለኩና አማካዩን ያዙ። ኩርባ ላይ ሯጩ የሚቆርጠውን መስመር ተከተሉ፣ የመንገዱን መሀል አይደለም። በመጨረሻ በየኪሎ ሜትሩ አንድ ሜትር ጨምሩ፤ በዓለም አቀፉ የጎዳና ሩጫ ልኬትም የሚደረገው ይኸው ነው፣ መስመሩ አጥሮ እንዳይገኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ቀኑስ? ውሃው የሚሞላው ነሐሴና መስከረም አይደል? ሰው የሚመጣው ለማየት ነው።

አስጎብኚ፦ ፏፏቴው ያኔ ነው የሚያምረው፣ እውነት ነው። መንገዱ ግን ያኔ ጭቃ ነው። ጥቁሩ አፈር ጫማ ሥር ተለጥፎ እግር ያከብዳል። እስከ ጥርና የካቲት ከቆየን ደግሞ ውሃው ይሳሳል። በ2002 ዓ.ም. የበለስ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የጣና ውሃ ከፊሉ በዋሻ ወደዚያ ይሄዳል፤ ወደ እኛ የሚመጣውም ባሕር ዳር ጫራ ጫራ ላይ ባለው መዝጊያ የሚለቀቀው ነው። ከጥር በኋላ ሌላም ጣጣ አለ፦ የጫት ማሳ የሚያጠጡ ሰዎች የውሃ ሞተር ቱቦ በመንገዱ ላይ ይዘረጋሉ፣ ሯጭ ይጠልፋል። የጥቅምት መጨረሻ ሳምንት ይሁን። በኅዳር ከሚካሄደው ከአዲስ አበባው ታላቁ ሩጫም አይጋጭም።

ከገበያ ቀን ውጪ ይሁን እንጂ። መነሻው ጠዋት 1 ሰዓት ቢሆን ከብቱ ለግጦሽ ሳይወጣ ብዙው ሰው አልፎ ያበቃል።

ጸሐፊ፦ ወደ ድልድዩ የሚወርደውን መንገድ እንጠግን የሚል ሐሳብ ነበር። ሲሚንቶ?

አስጎብኚ፦ ሲሚንቶ የለም። መንገዱን የሚበላው ውሃ ነው፤ ውሃውን ማስወጣት ነው መፍትሔው። በመንገዱ ላይ አግድም የውሃ መቀልበሻ ይቆፈር፦ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በቁልቁለቱ በኩል ጠርዙ ላይ ድንጋይ እየተነከሰ። ቀጥ ብሎ ከተሠራ በመጀመሪያው ዝናብ ደለል ይሞላዋል፤ ወደ ቁልቁለቱ ገደድ ብሎ፣ ሰላሳ ዲግሪ ያህል፣ አፉም ሣር ወዳለበት እንጂ ወደ ሰው ማሳ እንዳይሆን። በየ15 ሜትሩ አንድ። ለ300 ሜትር 20 ይወጣል።

ሯጮች ጥምዝምዙን እየቆረጡ በቀጥታ እንዳይወርዱም እሾህ እንከምርበት። አንዴ አቋራጭ ከተረገጠ ክረምት ሲመጣ ጎርፍ መሄጃ ይሆናል።

ነርሷ፦ አራት ነገር ከእኔ በኩል። አንደኛ፣ ከሩጫ በኋላ እግር ወንዝ ውስጥ መንከር ክልክል ይባል፤ በጣናና በዓባይ ዳር ቢልሃርዚያ አለ፣ ረጋ ባለ ውሃ ውስጥ በቆዳ በኩል ይገባል። ሁለተኛ፣ ቅዳሜ ማታ መንደሩ የሚያድር አጎበር ይያዝ፤ ጥቅምት የወባ ወር ነው። ሦስተኛ፣ ዝልፍልፍ ላለው ሰው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ልሙጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ጨው አብዝቶ «ይጠንክር» የሚል እንዳይኖር፣ ይጎዳል። አራተኛ፣ ቃሬዛው ከድልድዩ ማዶ፣ ከምሥራቁ ዳርቻ ይቀመጥ፣ ከአራት ተሸካሚ ጋር። መንደሩ ውስጥ ከተቀመጠ መጀመሪያ ቃሬዛውን መውሰድ፣ ከዚያ ታማሚውን መመለስ ሊሆን ነው። አምቡላንሱ ታማሚውን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ባሕር ዳር ሊወስድ ይጠብቃቸዋል።

ገንዘብ ያዥ፦ ውሃ፦ 60 ሰው፣ ሁለት መጠጫ ቦታ፣ በየቦታው 200 ሚሊ ሊትር፣ 24 ሊትር። ለሚደፋው ጨምሬ ሁለት ባለ 20 ጀሪካን ጻፍሁ። ምልክቱስ በምን ይሁን? ኖራ ርካሽ ነው።

አስጎብኚ፦ ኖራ መሬት ላይ ከተረጨ በጤዛው ይደበዝዛል። የእንጨት ችካል ከተተከለ በማግስቱ ማገዶ ሆኗል። የላስቲክ ጥብጣብ ላም ትበላዋለች፣ ከላሟ ባለቤት ጋር ደግሞ ማን ይጣላል? ድንጋይ በኖራ ነክረን መገንጠያው ላይ ሦስት ሦስት እንደርድር፤ ሲያልቅ ገልብጠነው እንሄዳለን።

ሰብሳቢ፦ ተስማማሁ። የቀበሌው የጸጥታ ፈቃድ ሳይገኝ ቀን አይታወጅ፤ ይህንን የመጀመሪያው ገጽ ላይ አድርጉት። የመመልከቻው ሻጮችና ባለጀልባዎቹም ጠዋቱን ስለሚያጡ ከመዋጮው ድርሻ ይመደብላቸው፤ ስንት እንደሚሆን ከራሳቸው ጋር ተነጋገሩ። የምዕራቡን መስመር ማን ይለካል?

አስጎብኚ፦ ብስክሌት ከዚሁ አላጣም። ሜትሩን በሐሙስ አውቶቡስ ላኩልኝ፤ የ30ውን ሳይሆን የ50ውን።