ለንደን ቴት ሞደርን የገባችሁ፣ ተርባይን ሆል እንዴት ነው የሚታየው?

የፒያሳዋ (ጎንደር)፦
ሰላም ወገኖች። በሚቀጥለው ወር ለንደን እህቴ ጋ እሄዳለሁ፣ ልጄም አብሮኝ ነው። ቴት ሞደርን የሚባለውን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሳታዪ እንዳትመለሺ እያሉኝ ነው። እዚያ ተርባይን ሆል በሚባለው ትልቅ አዳራሽ ጋናዊው አርቲስት ኤል አናትሱይ በጠርሙስ ቆርኪ የሠራውን በፎቶ አይቼ በጣም ገርሞኛል። ግን እኔ ያደግኩት ፋሲል ግቢ አጠገብ ነው። ታሪካዊ ሕንፃ ሲባል ባዶውን እንዳለ ማየት ነው የለመድኩት፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴም ብገባ ጣሪያው ላይ ያሉት መላእክት የቤቱ አካል ናቸው። አሮጌ ሕንፃ ውስጥ የዛሬ ሰው ግዙፍ ነገር ሲሰቅልበት ምኑን ነው የማየው? ሥራውን ወይስ ቤቱን? መግቢያውስ ስንት ነው? ልጅ ይዞ ይቻላል?

ሰዓሊው፦
እህቴ፣ ሁለቱንም ነው የምታዪው። ተርባይን ሆል አይከፈልበትም፣ ትኬት የሚጠየቀው ለአንዳንድ ልዩ ኤግዚቢሽኖች ነው። ቤቱ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ተዘግቶ በ2000 ሙዚየም ሆነ። አዳራሹ ማሽኖቹ የነበሩበት ነው፣ የአምስት ፎቅ ከፍታ አለው። በምዕራቡ በር ግቢ፣ ወለሉ ቁልቁል እየወረደ ያስገባሻል። ወዲያው ወደ ሥራው አትሩጪ። እዚያው ቆመሽ ሰዎቹ ከሥሩ ምን ያህል እንደሚያንሱ እዪ፣ ከዚያ ቅረቢ፣ ከዚያ መሀል ያለው ድልድይ ላይ ወጥተሽ ከላይ ተመልከቺ። የአናትሱይን እ.ኤ.አ. በ2023 ከሩቅ ሳየው ትልቅ የመርከብ ሸራ ነበር፣ ስጠጋ ግን የመጠጥ ቆርኪ ነው፣ ተጨፍልቆ በሽቦ የተያያዘ፤ መጠጡ በባሪያ ንግድ ዘመን በመርከብ ሲመላለስ የነበረ ሸቀጥ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ሸራው ሌላ ሆነብኝ። ያ ስሜት ትንሽ ክፍል ውስጥ አይመጣም።

ደግሞ ወለሉን እዪ። ኮሎምቢያዊቷ ዶሪስ ሳልሴዶ እ.ኤ.አ. በ2007 167 ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ ሠርታበት ነበር። በኋላ ተሞላ፣ ጠባሳው ግን አልጠፋም። ለእኔ እዚያ ቤት ውስጥ ከምንም በላይ የነካኝ እሱ ነው።

የለንደኗ፦
ልጅሽን ይዘሽ ሂጂ፣ አዳራሹ ሰፊ ነው። መንካት ይቻል እንደሆነ ግን አስቀድመሽ ሠራተኞቹን ጠይቂ፣ እንደ ሥራው ይለያያል። ቻይናዊው አርቲስት አይ ዌይዌይ እ.ኤ.አ. በ2010 ከፖርሴሊን የተሠራ 100 ሚሊዮን የሱፍ ፍሬ ወለሉ ላይ አፍስሶ ነበር፤ መጀመሪያ ሰው ይራመድበት ነበር፣ ከዚያ አቧራው ለጤና ያሰጋል ተብሎ ተከለከለ። ከቻልሽ በሥራ ቀን ጠዋት ሂጂ፣ ቅዳሜና እሁድ ይጨናነቃል።

የፒያሳዋ (ጎንደር)፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም! እንዲህ ያለ ነገር ፋሲል ግቢ ቢሠራ ግን ምን ትላላችሁ?

የኖራ ልጅ፦
እኔ ቅርስ ጥገና ላይ ነው የምሠራው፣ ሐሳቡን እወደዋለሁ፣ ግን በልክ። የፋሲል ግድግዳ በኖራ የተያያዘ ድንጋይ ነው። በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶ የተጠገነው ጉዳት ስለነበረው በኋላ ሲሚንቶውን እያነሱ በኖራ መተካት ግድ ሆኗል። ስለዚህ ሚስማር የለም፣ ድሪል የለም። ፓሪስ እ.ኤ.አ. በ2021 አርክ ደ ትሪዮምፍ የሚባለውን ታሪካዊ የድል ቅስት በ25,000 ካሬ ሜትር ጨርቅ ሲጠቀልሉት ቅርጻ ቅርጾቹን በብረት ፍሬም ከልለው ነው፣ ከ16 ቀን በኋላም ሁሉም ተነሳ። እኛ ጋም በራሱ እግር የሚቆም፣ ግድግዳውን የማይነካ ሥራ ቢሆን ግቢው ሜዳ አለው። የፋሲል መዋኛን ግን ተዉት። የዛፎቹ ሥር አጥሩን እንዴት እንደያዘው ያየ ሰው እዚያ ላይ አንድ ኪሎ አይጨምርም።